ከባሕሩ ደሴት በፊት አንድ የአርማታ ሣጥን በአባ ሳሙኤል

ለ፦ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለ፦ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለ፦ ጉዳዩን በቅርብ ለሚከታተል ሕዝብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ተንሳፋፊ ሰው ሠራሽ ደሴት አዋጭነት፣ እንዲሁም በአባ ሳሙኤል ግድብ ላይ እንዲሠራ ስለምንጠይቀው አንድ የሙከራ ፖንቱን (የሚንሳፈፍ ባዶ የአርማታ ሣጥን)

የባሕር በር ጉዳይ የየቤቱ መነጋገሪያ ከሆነ ወዲህ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል፤ «መሬቱ ካልተገኘ ውኃው ላይ የራሳችንን ደሴት ሠርተን ለምን አናንሳፍፍም?» የሚል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በዓለም ላይ የሚንሳፈፍ ድልድይ አለ፣ የሚንሳፈፍ የመርከብ ማራገፊያ አለ፣ አውሮፕላን ያረፈበት ተንሳፋፊ ማኮብኮቢያም ነበር። ጠያቂውን «ተው፣ ቅዠት ነው» ብሎ ማሰናበት ተገቢ አይደለም፤ ቁጥር ይዞ መመለስ ይገባል። ይህን የምንጽፈው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ በአርማታ፣ በብረታ ብረትና በውኃ ግንባታ ሙያ የተሰማራን ሰዎች ነን።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ተንሳፋፊ ደሴት መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ደሴቱ የሚያርፍባቸው ትልልቅ ባዶ ሣጥኖች የሚሠሩት ባሕር ዳር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ወደብ የሌለው ሀገር ደሴቱን ለመሥራት ራሱ አስቀድሞ ወደብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደሴቱ ከጎረቤት ጋር የሚደረገውን ስምምነት አይተካም። ሙያው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃ ላይ የሚኖር አርማታ ማፍሰስን፣ ማንሳፈፍን፣ ማሰርንና መጠበቅን ዛሬ፣ እዚሁ፣ በ516 ኩንታል ሲሚንቶ መጀመር እንችላለን።

ከቀላሉ እንነሳ፤ ቀላሉ መንሳፈፉ ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራው ደንገሉ በውስጡ አየር ስላለው ነው። ሲውል ሲያድር ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። አርማታም ሕጉ ያው ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ አርማታ ከነፌሮው 2.5 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ድፍኑን ከተጣለ ይሰጥማል፤ ውስጡ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከተሠራ ግን ከክብደቱ ጋር እኩል የሆነ ውኃ እስኪገፋ ድረስ ይገባና ይቆማል።

ሣጥኑን በቁጥር እናሳይ። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ይሁን። የታችኛው ወለል 25 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው 20፣ የውጭ ግድግዳው 20፣ ውስጡን በስምንት ክፍል የሚከፍሉት ግድግዳዎች 15 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ይህ ሁሉ ተደምሮ 129 ሜትር ኪዩብ አርማታ ይሆናል፤ ክብደቱ 322 ቶን ገደማ። የወለሉ ስፋት 200 ካሬ ሜትር ስለሆነ በጨው አልባ ውኃ ላይ 1.61 ሜትር ይጠልቃል፤ ከውኃው በላይ 89 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ የሚጫንበት እያንዳንዱ 2 ቶን አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። የባሕር ውኃ ስለሚከብድ እዚያ ጥልቀቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

እዚህ ላይ የግንባታ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሕንፃ ላይ ካሳፎርማው (አርማታ የሚፈስበት ቅርጽ) ትንሽ ቢያብጥ ወይም ወለሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢወፍር ማንም አይከሰስም፤ እንዲያውም «ጠነከረ» ይባላል። ውኃ ላይ ግን ወለሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲወፍር 2 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 5 ቶን ይጨመራል፤ ሣጥኑም 2.5 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ይጠልቃል። የላይኛውም የታችኛውም በ2 ሴንቲ ሜትር ከወፈሩ ከ89 ሴንቲ ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የወለሉን ውፍረት የሚቆጣጠር አንድ ሰው በአርማታ ማፍሰሱ ሰዓት ሌላ ሥራ ሳይሰጠው በሽቦ መለኪያ ይዞ መቆም አለበት።

ከዚህ የሚብሰው መፍሰስ ነው። ስምንቱ ክፍሎች ባዶ ቢቀሩና የማዕዘኑ አንድ ክፍል ተሰንጥቆ ቢሞላ ምን ይሆናል? በዚያ ክፍል 46 ቶን ውኃ ይገባል። ሣጥኑ በአማካይ 23 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ክብደቱ ግን በአንድ ማዕዘን ስለሆነ በርዝመትም በወርድም ያጋድላል። ስንደምረው የዚያ ማዕዘን ጫፍ 1.1 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከውኃ በላይ የነበረው 89 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል መሙላት ብቻ የላይኛው ወለል ማዕዘን ውኃ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ በኩል ክዳኑ የላላ መፈተሻ ጉድጓድ ካለ ሁለተኛው ክፍል ይከተላል። «ስምንት ክፍል ስላለው አንዱ ቢፈስ ሰባቱ ያቆሙታል» የሚለው ግምት፣ ሲሰላ እንደሚታየው፣ ስሕተት ነው።

መፍትሔው ክፍሎቹን በነጭ ፎም መሙላት ነው፤ ለዕቃ ማሸጊያ የሚያገለግለው ዓይነት፣ በሜትር ኪዩብ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝነው። ባዶው ቦታ 371 ሜትር ኪዩብ ስለሆነ ፎሙ 5.6 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ሣጥኑን 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። ግድግዳው ቢሰነጠቅ እንኳ ውኃ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ሌላም ጥቅም አለው፤ የላይኛው ወለል በፎሙ ላይ ስለሚፈስ ከታች ካሳፎርማ መደገፍም፣ በኋላ ከተዘጋ ክፍል ውስጥ እንጨት መንቀልም ይቀራል። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ቤንዚንና ናፍታ ፎሙን ይጎዳሉ፣ በተለይ ቤንዚን ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ ነዳጅ ያለበት ፓምፕ በሣጥኑ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ የብረት ትሪ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ በየክፍሉ እስከ ታች የሚደርስ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ማስቀረት ግድ ነው፤ በየሳምንቱ ዘንግ ሰዶ ውኃ መግባቱን ለማየት፣ ከገባም ለመምጠጥ።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው በከንቱ አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሁድ ካናል ተንሳፋፊ ድልድይ ምዕራባዊ ግማሽ እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1979 በማዕበል ሰጥሟል። በዚያው ግዛት፣ በሲያትል፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ሲያገለግል የኖረው ሌሲ ሙሮው የተባለው ድልድይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1990 ሰጠመ፤ ያውም በእድሳት ላይ ሳለ። የማይፈለገውን አሮጌ አርማታ በውኃ ግፊት ሲያፈርሱ የወጣው ውኃ በሣጥኖቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር፤ ክዳኖችም ተከፍተው ነበር። ዝናቡና ማዕበሉ ተጨመረበት፤ ሣጥኖቹ ተያይዘው ወረዱ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አርማታው ለ50 ዓመት ችሎ ነበር፤ የጎደለው ክዳን መዝጋትና በየዕለቱ ውስጡን ማየት ነው። አዲሱ የኤቨርግሪን ፖይንት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት በ77 ሣጥኖች ላይ ተቀምጧል፤ ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 110 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። በዚያ ሁሉ ልምድ እንኳ በመጀመሪያው ዙር ከተሠሩት ሣጥኖች አንዳንዶቹ ተሰነጣጥቀው ጥገናና የንድፍ ማስተካከያ አስፈልጓቸዋል።

ወደ አርማታው እንመለስ፤ የሀገራችን ሥራ የሚፈተነው እዚህ ነው። በሜትር ኪዩብ 400 ኪሎ ሲሚንቶና 160 ሊትር ውኃ፣ ማለትም የውኃው ክብደት ከሲሚንቶው 0.40 እጅ እንዲሆን እንመክራለን። አሁን አንድ የቀን ሠራተኛ አርማታው ደረቀብኝ ብሎ በሜትር ኪዩብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢጨምር 0.40 የነበረው 0.45 ይሆናል፤ ሁለተኛ ጀሪካን ከደገመ 0.50 ይደርሳል። ጥንካሬው ከመቀነሱ ይልቅ የሚያሳስበው የሚቀሩት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ናቸው፤ ጨዋማ ውኃ በነሱ በኩል እስከ ፌሮው ይደርሳል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። መፍትሔው አርማታውን የሚያቀጥን ኬሚካል በሚዛን መጨመርና ጀሪካኑን ከቦታው ማራቅ ነው።

በሲሚንቶ በኩል ዕድለኞች ነን። በየሱቁ የምናገኘው ፒፒሲ የተባለው ሲሚንቶ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ፖዞላና ስላለበት፣ በደንብ ውኃ ከጠጣ ጨውን በመከላከል ፖዞላና ከሌለበት ከኦፒሲ ሲሚንቶ ይሻላል። ዋጋው ግን ትዕግሥት ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ቢያንስ 14 ቀን በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ የአቃቂ ሜዳ ነፋስ ደረቅ፣ ፀሐዩም ጠንካራ ነው፤ አርማታው በፈሰሰ በሰዓታት ውስጥ ገጹ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ማፍሰሱ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ጆንያውም ጠዋት ሳይሆን እዚያው ማታ ይለብሳል። ከፌሮው ውጭ ያለው የአርማታ ሽፋን ለጨው አልባ ውኃ 40 ሚሊ ሜትር፣ ለባሕር ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቀው ስፔሰር የተሰበረ ድንጋይ ወይም የፌሮ ቁራጭ መሆን የለበትም፤ በዚያው ድብልቅ የተሠራ የአርማታ ኩብ ይሁን። ፌሮው የሚታሰርበት ቀጭን ሽቦ (ፊልዲፌሮ) ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ወደ ውጭ የቀረ ሽቦ ለዝገት መንገድ ይጠርጋል።

የወለሉና የግድግዳው መገናኛ ዋናው የመፍሰሻ ቦታ ነው። ወለሉ ዛሬ፣ ግድግዳው ከሳምንት በኋላ ስለሚፈስ አሮጌውና አዲሱ አርማታ በራሳቸው አይዋደዱም። በመገናኛው መሐል 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላስቲክ ውኃ መከላከያ ይቀበራል፤ ግማሹ ወለሉ ውስጥ፣ ግማሹ ግድግዳው ውስጥ። የወለሉ ገጽ በሽቦ ብሩሽ ጠጠሩ እስኪታይ ይፋቃል፤ ከዚያ በውኃ ይታጠባል። ግድግዳው በ50 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ይፈሳል፤ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው ቫይብሬተርም በየንብርብሩ ወደ ታችኛው አርማታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ፎም ከመሞላቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል በየተራ ውኃ ተሞልቶ 7 ቀን ይቆይ። የረጠበ ቦታ ከታየ ያኔ መጠገን ይቻላል፤ ከተንሳፈፈ በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው።

322 ቶን የሚያነሳ ክሬን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ክረምቱ ያነሳዋል። ከግድቡ ዳር፣ ውኃው በበጋ በሚሸሽበት ቦታ፣ የወለሉ ከፍታ ከክረምቱ የውኃ ልክ 2.1 ሜትር ዝቅ ያለ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በሐይቁ በኩል የአፈር ክተር ይቀርለታል። ሣጥኑ እዚያው ይፈሳል። ሐምሌና ነሐሴ ውኃው ሲሞላ ክተሩ ይቆረጣል፣ ውኃው ይገባል፣ ሣጥኑ ይነሳል። ሁለት ነገር ሊያበላሸው ይችላል። የአቃቂ አካባቢ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ በእጅ መዳፍ ስፋት ይሰነጠቃል። በላዩ የፈሰሰ ወለል አርማታው ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። ስለዚህ 60 ሴንቲ ሜትሩ ተቆርጦ ወጥቶ በገረገንቲ ይተካ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩም ይጠቅጠቅ። ሁለተኛው መጣበቅ ነው። ሰፊ ወለል በቀጥታ መሬት ላይ ከፈሰሰ ውኃው ሲመጣ ከሥር ስለማይገባ አይነሳም፤ እንደ ቬንቱዛ (እንደሚመጥ ላስቲክ) ይይዛል። ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ ድርብ ፕላስቲክ፣ በጠጠሩም ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተበሱ ቱቦዎች ይነጠፉ፤ በነሱ በኩል ውኃ በፓምፕ ሲገፋ ይላቀቃል።

እንግዲህ ወደ ባሕሩ። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለተከለለ ውኃ ነው። ባሕር ላይ የሚመጣው ጠላት ማዕበል ነው። በ8 ሰከንድ አንዴ የሚመላለስ ማዕበል በጥልቅ ውኃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ያህል ይረዝማል። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ሣጥን በዚያ ላይ እንደ ቡሽ ይወጣል ይወርዳል፤ ሰው አይኖርበትም። ሣጥኖቹን አያይዘን 200 ሜትር ስናደርሳቸው መወዛወዙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንዱ ጫፍ ሲነሳ ሌላው ሲወርድ ኃይሉ ሁሉ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይወድቃል። በተንሳፋፊ ሥራ ሁሉ ቀድሞ የሚላላው ቡሎኑ፣ የሚሰነጠቀው የመገጣጠሚያው ዙሪያ አርማታ ነው። የማዕበል ጉልበት ደግሞ ከቁመቱ ጋር በካሬ ያድጋል፤ የ4 ሜትር ማዕበል ከ1 ሜትሩ 16 እጥፍ ጉልበት አለው።

ጃፓኖች ይህን ያውቁታል። ሜጋ ፍሎት የተባለው የሙከራ ማኮብኮቢያቸው 1,000 ሜትር የሚረዝምና 3 ሜትር ብቻ የሚወፍር የብረት ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ተገጣጥሞ በ2000 አውሮፕላን ተነስቶበታል፣ አርፎበታል። ነገር ግን የተቀመጠው በዮኮሱካ፣ በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በተከለለ ውኃ ላይ ነው፤ ከሙከራው በኋላም ተፈታ። ቁርጥራጮቹ በየመርከብ ፋብሪካው ተሠርተው ውኃ ላይ በብየዳ ተያያዙ። በያጅ የሆነ ሁሉ የዚህን ክብደት ይረዳል፤ ፀሐይ የላይኛውን ላሜራ ስታሞቅ የታችኛው በውኃው እንደቀዘቀዘ ይቆያል። 100 ሜትር ብረት በ20 ዲግሪ ልዩነት 24 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ጠዋት የተገጠመው ስፌት ቀትር ላይ አይገጥምም።

ሌሎቹም ምሳሌዎች ያንኑ ይናገራሉ። በአላስካ የቫልዴዝ ከተማ የኮንቴይነር ማራገፊያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሁለት የአርማታ ሣጥኖች ላይ ይንሳፈፋል፤ ተደምረው 213 ሜትር ይረዝማሉ፤ ከየብስ ጋር ግን በድልድይ የተያያዘ ነው። የሞናኮው ተንሳፋፊ የማዕበል መከላከያ 352 ሜትር ርዝመትና 163,000 ቶን ክብደት አለው፤ በስፔን አልጄሲራስ፣ ውኃው ተመጥጦ በሚደርቅ የመርከብ መሥሪያ ገንዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 በባሕር ተጎትቶ መጣ። የሁሉም የትውልድ ቦታ ባሕር ዳር ነው። ከአቃቂ እስከ ጅቡቲ በመኪና ልንልክ የምንችለው ቢበዛ የኮንቴይነር ልክ ያለው ቁራጭ ነው፤ 12 ሜትር በ2.4 ሜትር። ከእንደዚህ ያለ ቁራጭ ለተከለለ ወደብ የጀልባ መድረክ ይሠራል፤ ለክፍት ባሕር ደሴት አይሠራም።

ማሰሩስ? የቀይ ባሕር መሐል ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዲያሜትሩ 76 ሚሊ ሜትር የሆነ የመርከብ ሰንሰለት በሜትር 126 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ሜትሩ 126 ቶን ነው። ከጥልቅ ቦታ ላይ የሚታሰር ደሴት የሰንሰለቱን ክብደት ራሱ መሸከም ስለሚኖርበት የባሕር ነዳጅ ቆፋሪዎች በቀላል ሰው ሠራሽ ገመድ ይጠቀማሉ። ጥልቀቱ ወደሚቀንስበት ወደ ዳር ስንጠጋ ደግሞ የሌላ ሀገር ውኃ ውስጥ እንገባለን።

ሕጉን በዚሁ እንጨርስ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነት በዓለም አቀፍ ክፍት ባሕር ላይ ሰው ሠራሽ ደሴት የመሥራትን ነፃነት ባሕር ለሌላቸው ሀገሮችም ይሰጣል። ችግሩ ቀይ ባሕር ላይ ክፍት ባሕር አለመኖሩ ነው። የባሕር ዳር ሀገሮች የኢኮኖሚ ክልል ከየባሕር ዳሩ 200 የባሕር ማይል፣ ማለትም 370 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ቀይ ባሕር በሰፊው ቦታ 355 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ክልል ደሴት የመሥራትና የመፍቀድ መብት የባሕር ዳሩ ሀገር ነው። አንቀጽ 60 ደግሞ ሰው ሠራሽ ደሴት የራሱ የግዛት ባሕር እንደማይኖረው፣ ዙሪያውም ቢበዛ 500 ሜትር የደኅንነት ክልል እንደሚሰጠው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከታይላንድ ፉኬት ወጣ ብሎ «ከግዛት ባሕሩ ውጭ ነን» ተብሎ የቆመውን ተንሳፋፊ ቤት የሀገሪቱ ባሕር ኃይል ጎትቶ ወስዶታል።

ስፋቱንም በአንድ ቁጥር እናሳይ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ደሴት ከላይ በገለጽነው ሣጥን ለመሸፈን 5,000 ሣጥን ያስፈልጋል፤ 2.58 ሚሊዮን ኩንታል ሲሚንቶ፣ 97,000 ቶን ገደማ ፌሮ። በቀን አንድ ሣጥን ብናወጣ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጃል። ያም ሣጥን ለክፍት ባሕር ማዕበል ቀጭን ነው።

ታዲያ ለምን አንዱን እንሥራ እንላለን? የሚያገለግልበት ቦታ ስላለ ነው። አባ ሳሙኤል ከሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ታድሶ ዳግም ሥራ ጀምሯል። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ደለልና ቆሻሻ ይዞለት ይመጣል፣ እምቦጭም ይሸፍነዋል። የደለል መምጠጫ ፓምፕና የእምቦጭ ማንሻ ማሽን የሚቆምበት የረጋ መድረክ ያስፈልገዋል፤ ከግድቡ ዳር ሆኖ በእጅ ማጨድ ብቻውን አይበቃም። ለገዳዲ፣ ገፈርሳና ድሬ የመጠጥ ውኃ ስለሆኑ ለሙከራ እንዲነኩ አንፈልግም።

ከመጀመሩ በፊት የደለሉ ልክ በዘንግና በገመድ ይለካ፤ ሣጥኑ 1.64 ሜትር ስለሚጠልቅ ከ2.5 ሜትር ያላነሰ ንጹሕ ጥልቀት ያለው ቦታ ያስፈልጋል። የተበከለ ውኃ የሰልፋይድ ጋዝ ስለሚያወጣ የአርማታው ውጫዊ ገጽ ከውኃው ልክ በላይና በታች 50 ሴንቲ ሜትር በኤፖክሲ ይቀባ። መልሕቆቹ አራት የአርማታ ድንጋዮች ይሁኑ፤ አርማታ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ከመቶ 40 ያህሉን እንደሚያጣ ሳይዘነጋ። የ4 ቶኑ 2.4 ቶን ብቻ ይይዛል። ነፋሱ የሚያመጣው ግፊት ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም፤ ክረምት ላይ ወንዙ የሚገፋው የእምቦጭ ምንጣፍ ግን ከዚያ የበረታ ስለሚሆን በወንዙ በኩል እምቦጩን የሚያዞር ተንሳፋፊ ገመድ ይዘርጋ።

በተንሳፈፈ ማግስት 50 ኩንታል አሸዋ ከመሐል መስመሩ 4 ሜትር ወደ አንድ ጎን ይጫንበት። ስሌታችን ልክ ከሆነ በሁለቱ ረጃጅም ጠርዞች መካከል የሚታየው የከፍታ ልዩነት 13 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። 20 ከሆነ የሆነ ቦታ ውኃ ገብቷል፣ ወይም ክብደቱ ከታሰበው በላይ ላይኛው ክፍል ላይ ነው፤ መድረኩ ላይ ማሽን አይወጣም። በየቀኑ የአራቱ ማዕዘን ከፍታ በቀለም በተጻፈ መለኪያ ይመዝገብ። መዝገቡም በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ።

የጨው ነገር በአባ ሳሙኤል አይፈተንም። ለዚህ በአፋር አፍዴራ አለን፤ ከባሕር ውኃ በብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነ ሐይቅ። ከሣጥኑ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድብልቅ 60 የአርማታ ኩቦች ከነፌሯቸው ይፍሰሱ፤ ግማሾቹ በ40፣ ግማሾቹ በ60 ሚሊ ሜትር ሽፋን፣ ከየዓይነቱም ጥቂቶቹ ሆን ተብሎ አንድ ጀሪካን ውኃ የተጨመረባቸው ይሁኑ። በሐይቁ ዳር፣ ውኃው በሚነካቸውና በሚለቃቸው ቦታ ተቀምጠው በየ6 ወሩ ጥቂቶቹ ይሰበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጀሪካኑ ዋጋ ስንት እንደሆነ በዓይን ይታያል። ይህ ሁሉ ከያዘ ቀጣዩ ሁለት የተገጣጠሙ ሣጥኖችን ሰፊና ጥልቅ በሆነው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ፣ በንጋት ላይ መሞከር ነው፤ መገጣጠሚያ የሚፈተነው እዚያ ነውና። ከጎረቤት ሀገር ጋር ስምምነት በሚደረስበት ቀን ደግሞ የተንሳፋፊ ማራገፊያ ባለሙያ ከውጭ ከመቅጠር ይልቅ የራሳችንን እንልካለን።

ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በግድቡ ዳር 40 በ30 ሜትር ቦታ ለአንድ ዓመት እንዲፈቀድልን፤ በቦታው ከሚያርሱና ከብት ከሚያጠጡ ነዋሪዎች ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ለሚጎዳው ሰብል ካሳው ቁፋሮ ሳይጀመር ተከፍሎ። የውኃው ከፍታ ያለፉት ዓመታት መዝገብ እንዲሰጠን፤ ነዋሪዎቹ ክረምት ላይ ውኃው እስከየት እንደሚመጣ የሚያውቁትንም ጨምረን እናመሳክራለን። ለአርማታውና ለውኃው ምርመራ የላቦራቶሪ አገልግሎት እንዲመቻችልን። ንድፉንና ስሌቱን ያለክፍያ እናስረክባለን፤ ማንም ባለሙያ እንዲያርመውም በአደባባይ እንለጥፋለን።

ቁፋሮው በጥቅምት ካልተጀመረ ወለሉ በኅዳር፣ ግድግዳው በታኅሣሥና በጥር፣ የውኃ ፈተናው በመጋቢት፣ ፎሙና የላይኛው ወለል በሚያዝያ ሊደርሱ አይችሉም። ከሰኔ በኋላ ዋልካው መኪና አያስገባም፤ በዚያ ክረምት ያልተነሳ ሣጥንም የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ምላሹ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ
በአርማታ፣ በብረታ ብረትና በውኃ ግንባታ የተሰማራን ባለሙያዎች